ጋሽ የኔሰውን ሁለቴ ያባረሩበት ቀን

ሐጂ ከሊፋ ከኮልፌ ገበያ ዝቅ ብሎ፣ መንገድ ዳር ባለች በረንዳ ላይ፣ በአንዲት የእግር ስፌት መኪና ሱሪ ሲያሳጥሩና ኮት ሲገለብጡ ኖሩ። ሲሞቱም መኪናዋን፣ ደንበኞቻቸውንና አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩትን ጋሽ የኔሰውን ለልጃቸው ለዘይቱና ትተውላት አለፉ። ዘመድ ተሰብስቦ «ሴት ልጅ ምን ታደርገዋለች፤ ተሽጦ እንካፈለው» አለ። ዘይቱና ያኔ ልጅ እግር ነበረች፤ መቀስ እንኳ በቅጡ አትይዝም። ጋሽ የኔሰው ግን ከለቅሶው ድንኳን ጥግ ተነሥተው «ልጅቷ ትቀመጥበት፤ እኔ አለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ መሸጥ ያነሣ የለም።

በረንዳዋ ክፍል ሆነች፤ ክፍሏም የጎረቤቱን ክፍል ጨመረች። ዛሬ ዘይቱና ሰባት የስፌት መኪና አላት። የአካባቢው ትምህርት ቤቶች የተማሪ ደንብ ልብስ የሚያሰፉት እሷ ጋ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፤ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ሥራው ቀዝቀዝ ይልና መኪናዎቹ ግማሹን ቀን ተሸፍነው ይውላሉ። ዘይቱና ቁጡ ናት፤ ያረፈደ ሠራተኛ ምላሷን ያውቀዋል። ነገር ግን በቁጣዋ ላይ ማታ የሚያድር ቂም የለባትም፤ ሠራተኞቿም «ነጎድጓድ ናት፣ ዝናብ የላትም» እያሉ ያሟታል።

ጋሽ የኔሰው ከጎጃም በወጣትነታቸው የመጡ ሰው ናቸው። ዕድሜ ገፋ፤ ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ተገፈፈላቸው፤ ከዚያ ወዲህ እጃቸው ዘገየ። ዘይቱና ከመስኮቱ ሥር አስቀምጣቸው የኮሌታ ሥራ ብቻ ትሰጣቸዋለች። አንድም ሠራተኛ «እሳቸው ለምን ያንሳቸዋል» ብሎ አያውቅም። ጠዋት ሲገቡ ሁሉም ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ «በእግዜር» ይላሉ፣ ኮታቸውን ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ይሰቅላሉ፣ ሥራቸውን ይጀምራሉ።

ያ የቴሌቪዥን ነገር የመጣው በዚያ በቀዘቀዘው ወቅት ነው። ጉተማ የሚባል ቀጠን ያለ፣ አንደበተ ለስላሳ አዘጋጅ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ካጠለቀች ልጅ ጋር መጣ። «የሥራ ሜዳ» የሚባል ውድድር እንደሚሠሩ ነገራት። ወጣቶች በቡድን ሆነው በየሳምንቱ አንድ የንግድ ሥራ ይሰጣቸዋል፤ ቡድኑን አንዱ ይመራል፤ የተሸነፈው ቡድን ሦስት ዳኞች ፊት ይቀርብና አንድ ሰው ይሰናበታል። የዚያ ሳምንት ሥራ የጨርቅ ዘንቢል ነበር። ፌስታል ሊቀር ነው ከተባለ ወዲህ ሱቁ ሁሉ የጨርቅ ዘንቢል ይፈልጋል። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ስፌት ቤት ለአንድ ቀን ይረከባል፤ ሠራተኞቹን እየመራ ያሰፋል፤ ያንኑ ዕለት ገበያ አውጥቶ ይሸጣል።

«ሠራተኞቼን አያስቸግሩብኝም?» አለችው ዘይቱና።

«ኧረ እትዬ ዘይቱና፣ የተማሩ ልጆች ናቸው» አለ ጉተማ። «የእርስዎም ስም በአገር ይታያል።»

ስሟ ቢታይ አልጠላችም። የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮችም ቴሌቪዥን ያያሉ። ያመጣላትን ወረቀት ፈረመች።

በቀጠሮው ቀን አራት ተወዳዳሪዎች ከካሜራና ከመብራት ጋር ገቡ። መሪያቸው ቀዳማዊ ይባላል፤ መልኩ የሚያምር፣ በነጭ ስኒከር ላይ ኮት የደረበ ልጅ ነው። ገና ከበሩ ሳያልፍ እጁን አጨበጨበና «ጋይስ፣ ዛሬ አለቃችሁ እኔ ነኝ» አለ። እንደምን አደራችሁ የለ፣ ምን የለ። ከሠራተኞቹ እናቱን የሚያህሉ ነበሩ። ለዘይቱና ደግሞ «ማዘር፣ እርስዎ እዚያ ጥግ ይሁኑልኝ፤ እርስዎን እያዩ አይሠሩም» አላት። ባለቤቲቱ በገዛ ቤቷ ከጨርቅ ጥቅልሎች ጀርባ ቆመች። ነገሩ አላማራትም፤ ግን እንግዳ ነው፣ ቀኑም ቀን ነው፣ ይመሻል ብላ ዋጠችው።

ቀዳማዊ በመኪናዎቹ መሃል እየተመላለሰ «ፍጠኑ፣ ፍጠኑ» ይላል። አንዱ ተወዳዳሪ ስልክ ላይ ተጥዶ ገዥ ይፈልጋል፤ ሌላው ካሜራው ወደ ዞረበት ይዞራል። ፋሲካ የምትባለው ልጅ ብቻ እጅጌዋን ሰብስባ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጣ የተሰፋውን ክር ትቆርጣለች፤ የእያንዳንዳቸውንም ስም ጠይቃ ነበር።

ጋሽ የኔሰው የዘንቢል ማንገቻ እንዲሰፉ ተሰጣቸው። «ልጄ፣ ዓይኔ ትንሽ ይደክማል፤ ቀስ ብዬ ልሥራው» አሉት በትሕትና። ቀዳማዊ ሳይመልስላቸው አለፈ።

ወደ ቀትር ሲሆን ጉተማ ቀዳማዊን ወደ በሩ ወሰደውና በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ምን እንዳለው ማንም አልሰማም። ቀዳማዊ ሲመለስ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደ። ካሜራው ተከተለው።

«ፋዘር፣ በቃዎት» አለ። «ቡድኑን ወደ ኋላ እየጎተቱብኝ ነው። ይሂዱ፣ ቤትዎ ይረፉ።»

መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ጋሽ የኔሰው እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አነሡ።

«እኔን ነው?»

«አዎ፣ እርስዎን ነው።»

ተነሡ። መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ኮታቸውን ከምስማሩ አወረዱ፤ አንዱን እጅጌ አጠለቁ፣ ቆም አሉ፣ ሌላውን አጠለቁ። ዘይቱና ከጥቅልሎቹ ጀርባ ደርቃ ቀረች። ነገሩ ቀልድ ይሁን እውነት፣ እንደ ቴአትር አስቀድሞ የተነጋገሩበት ይሁን አይሁን ገና እያሰላሰለች ሳለ ሽማግሌው ወጡ።

«ቀዳማዊ፣ የሰው ሠራተኛ ነው እኮ» አለች ፋሲካ።

«ዛሬ የእኔ ነው» አላት።

ጉተማ ከካሜራው ጀርባ እጁን አነሣ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ፤ ፊታቸው አልታየንም። መብራቱ ጋርዶብናል። አንዴ ይመለሱልን።»

ማዳመጫ ያጠለቀችው ልጅ ሮጣ ወጣች፤ ጋሽ የኔሰውንም ከመብራት ምሰሶው አጠገብ ደርሳባቸው ይዛ መጣች። ሲገቡ ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር። ልጅቷ «አባቴ፣ ኮቱን እንደ ቅድሙ ይስቀሉት፤ እዚያው ይቀመጡልን» አለቻቸው። ያ ፈክቶ የነበረ ፊት እንዴት እንደ ጠፋ ዘይቱና አየች። ሰቀሉት። ተቀመጡ። እጃቸውን ማንገቻው ላይ መልሰው አኖሩ።

ዘይቱና ያን ጊዜ ነቃች። «ተዉ እንጂ! ምንድን ነው የምትሠሩት?» ብላ ወደ ፊት ስትል ልጅቷ ክንዷን ያዘቻት። «እትዬ፣ ድምፅ እየቀዳን ነው።» ጉተማም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከመብራቱ ወዲያ ላለ ሰው የእሷ ድምፅ ከሠራተኞቹ ጉርምርምታ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። ቀዳማዊ በሁለተኛው አሳመረው። ድምፁን ጎርነን አደረገ፤ «ፋዘር፣ በቃዎት» ሲል በሩን በእጁ አመለከተ። ጋሽ የኔሰው በሁለተኛው ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ዘይቱና የልጅቷን እጅ አስለቅቃ መንገድ እስክትወጣ ድረስ ሰውዬው ታክሲ ተሳፍረው ነበር።

በማግሥቱ አልመጡም። ስልካቸው ዝግ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ዘይቱና ሳንሱሲ ድረስ ሄዳ የግቢያቸውን በር አንኳኳች። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ። «ቤት የለም» አሉ። የጋሽ የኔሰው ጫማ ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«እትዬ ወለተጻድቅ፣ እኔ እኮ—»

«ዘይቱና፣ ሰውዬው ከበደሽ እንዴ? ጋሼ፣ አሁንስ ይብቃዎት ብለሽ ብትነግሪው መርቆሽ ይሄድልሽ ነበር። ለዚህ ቴሌቪዥን ምን አስጠራሽ?»

ዘይቱና ያስባረረቻቸው መስሏቸው ነበር። ራሷ ፊት ለፊት ለመናገር አፍራ፣ ልጅ ልካ፣ ካሜራ ልካ። ልታስረዳ ስትጀምር በሩ በቀስታ ተዘጋ። ያን ቀን እስከ አስኮ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ የት እንደምትሄድም አታውቅም ነበር።

አንድ ተስፋ ነበራት፦ ይቆርጡት ይሆናል። እሑድ ከሰዓት ከልጇ ከጁወይሪያ ጋር ተቀምጣ ዝግጅቱን አየች። አልቆረጡትም። እንዲያውም ከበሮ አስገብተውበት፣ የጋሽ የኔሰውን አነሣሥ አዘግይተው፣ ፊታቸውን ስክሪኑ እስኪሞላ አቅርበው አሳዩት። የታየው ሁለተኛው ነው። የእሷ «ተዉ እንጂ» የለም። የፋሲካ «የሰው ሠራተኛ ነው እኮ» የለም።

ቡድኑ ተሸንፎ ዳኞቹ ፊት ቀረበ። ቀዳማዊ ምክንያቱን ሲጠየቅ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ ፋሲካ ላይ ጣቱን ቀሰረ፦ በሠራተኞች ፊት መሪዋን ተቃወመች፣ ቡድኑን ከፈለች፣ ሥራው የተጓተተው በእሷ ነው አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። አንደኛው ዳኛ መነጽሩን አስተካክሎ «መሪ የሚወደድ ሰው አይደለም፤ የሚወስን ሰው ነው። ያንን አዛውንት ማሰናበት ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ይህ ልጅ ግን ወሰነ» አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተሰናበተችው ፋሲካ ሆነች።

«በማን ላይ ነው የወሰነው?» አለች ዘይቱና ለቴሌቪዥኑ። «በማን ሰው ላይ?»

«እማዬ፣ አይሰሙሽም» አለች ጁወይሪያ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። እኔን ነው የናቁት። እኔን ንቀው እሳቸውን ነቀነቁ።» ሪሞቱን አንሥታ ድምፁን አጠፋች፤ ግን ምስሉን አላጠፋችውም። ሦስቱን ዳኞች አንድ በአንድ እያየች ተቀመጠች፤ የአንዳቸውም ፊት ላይ ሐፍረት የሚመስል ነገር አጣች።

የባሰው ገና ነበር። ያቺ ቁራጭ በየስልኩ ዞረች። አንዱ ዘፈን አደረገባት፣ ሌላው የሳቅ ድምፅ ቀጠለባት። «ፋዘር፣ በቃዎት» የሰፈር ቀልድ ሆነ። አንድ ቀን ዘይቱና ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ ታክሲ ተሳፍራ ስትመጣ፣ አንድ ሽማግሌ ፌርማታው ላይ ለመውረድ ምርኩዛቸውን እየፈለጉ ዘገዩ። ረዳቱ በሩን ይዞ «ፋዘር፣ በቃዎት» አላቸው። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ሽማግሌውም ለምን እንደተሳቀ ሳይገባቸው አብረው ፈገግ አሉ።

«ምን አልካቸው?» አለች ዘይቱና።

«ቀልድ ነው፣ ማዘር። ቲክቶክ አያዩም እንዴ?»

ከዚያ በላይ ብትቀመጥ ጥፊ ይቀድማት ነበርና ሰፈሯ ሳትደርስ ወረደች።

በማግሥቱ የዝግጅቱ ቢሮ ሄደች። መስታወት የለበሰ ሕንፃ ነው። ጉተማ እየሳቀ ተቀበላት፤ ማኪያቶ አዘዘላት፤ «የእሑዱ ክፍል በተመልካች ብዛት ሪከርድ ሰበረ» አላት። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ አልነካችውም።

«ያቺን ነገር ከስልክ ላይ አውርዷት» አለችው። «ልጁም መጥቶ ጋሽ የኔሰውን ይቅርታ ይጠይቅ።»

«እትዬ ዘይቱና፣ ውድድር እኮ ነው። ማንም የምር አልተባረረም።»

«ሰውዬው የምር ቤቱ ተቀምጧል።»

የጉተማ ፊት በራ። «ስሙኝማ። የመጨረሻው ዝግጅት ላይ እሳቸውን እናምጣቸው። ቀዳማዊ መድረክ ላይ ያቅፋቸዋል፣ ስጦታ እንሰጣቸዋለን፤ እርስዎና ሠራተኞችዎም ቲሸርት ለብሳችሁ ትመጣላችሁ። ሕዝቡ ያለቅሳል፣ እመኑኝ።»

«እኔ ሕዝቡ እንዲያለቅስ አይደለም የመጣሁት። ልጁ ብቻውን ይምጣ። ያባረራቸው እኛ ፊት ነው፤ ይቅርታም እኛው ፊት ይጠይቅ። ያለ ካሜራ።»

«ያለ ካሜራማ ምን ዋጋ አለው?» አለ ጉተማ።

ክፋት አልነበረበትም ሲለው። የምር ስላልገባው ነው። ዘይቱናን ያንገበገባትም ይኸው ነበር፤ ክፉ ሰው ቢሆን ተሳድባ ትወጣ ነበር። ቦርሳዋን አነሣችና ሄደች። ያቺን ቁራጭም አላወረዷትም።

በዚያው ሰሞን ፋሲካ ብርቱካን ይዛ ወደ ስፌት ቤቱ መጣች። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ተመልሳ የመጣች እሷ ብቻ ናት። በሩ ላይ ቆማ «እትዬ ዘይቱና፣ ልግባ?» አለች፤ ፈቃድ ሳታገኝ አልገባችም። ከዳኞቹ ፊት ሁሉንም ተናግራ እንደነበር ነገረቻት፦ ሽማግሌው ሁለቴ እንደተባረሩ፣ ባለቤቲቱ እንደጮኸች፣ ቀዳማዊም ከጉተማ ጋር በር ላይ ከተንሾካሾከ በኋላ እንዳደረገው። «ዳኞቹ ሰምተውኛል» አለች። «አንዱማ ‘ይሄ አይተላለፍም፣ ወደ ሥራው እንመለስ’ አለኝ። እቤቴ ሄጄ ሳየው ሳለቅስ ብቻ ነው ያሳዩኝ።»

«ሰምተው ነው እንግዲህ» አለች ዘይቱና። እስከዚያች ቀን ዳኞቹ ያላወቁ ይመስላት ነበር።

ልጅቷን ይዛ ሳንሱሲ ሄደች። እንግዳ ስለነበረች ወይዘሮ ወለተጻድቅ በሩን መዝጋት አልቻሉም። ጋሽ የኔሰው ከውስጥ ወጥተው ወንበር አቀረቡላቸው። ከስተዋል። ዘይቱና መነሻው ጠፍቷት ስትንተባተብ እሳቸው እጃቸውን አነሡ።

«ልጁን ምንም አልልም» አሉ። «የማያውቀኝ ልጅ ነው። እኔ የጠበቅሁት አንቺን ነው፣ ዘይቱና። መጀመሪያ ሂድ ሲለኝ ኮቴን ቀስ ብዬ ነው የለበስኩት። አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያልኩ።»

ዘይቱና አንገቷን ደፋች።

«በኋላ ያቺ ልጅ ሮጣ ስትጠራኝ፣ አንቺ ያስጠራሽኝ መሰለኝ። የከሊፋ ልጅ መቼም ዝም አትልም ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት። ለካ ፊቴ አልታየም ብለው ነው።»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ፋሲካ ናት የተናገረችው፤ ዘይቱና በሁለተኛው እንደጮኸች፣ ክንዷን ይዘው እንዳስቀሯት፣ ተከትላቸውም መንገድ ወጥታ እንዳጣቻቸው፣ ድምፅዋንም ቆርጠው እንዳወጡት አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ጋሽ የኔሰው እያንዳንዷን ቃል በጥሞና ሰሙ።

«እንዲያ ከሆነ ቂም የለኝም» አሉ በመጨረሻ።

«ታዲያ ነገ ይምጡ፣ ጋሼ። ቦታዎ ባዶ ነው።»

«እሱንስ ተዪኝ። ሰው ሁለቴ በወጣበት በር ሦስተኛ ለመግባት ጉልበት ይፈልጋል። እኔ ጋ ያ ጉልበት የለም።»

ብትለምናቸውም፣ ሽማግሌ ብትልክባቸውም አልተመለሱም። ስለዚህ መኪናቸውን አስጭና ሳንሱሲ አወረደችላቸው። ኮሌታው ተቆርጦ ይላክላቸዋል፤ ሰፍተው ይመልሱታል። ሥራው አልቀረም። ጠዋት ሲገቡ ሁሉም ብድግ የሚልላቸው ያ ነገር ግን ቀረ፤ ሠራተኞቹም ዘይቱናን ሲያዩ ስለዚያ ቀን አያወሩም፤ ዝም ማለታቸው ከመናገር ይብስባት ነበር።

ቀዳማዊ ውድድሩን አሸነፈ። ስፌት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ሳይቀር ፎቶው ተለጠፈ፦ «አመራር ምንድን ነው? ከአሸናፊው አንደበት።» በኮልፌ አንድ አዳራሽ ለወጣቶች ንግግር ሊያደርግ ነው። ዘይቱና ለሁለት ቀን ያንን ፎቶ እያየች መኪና ረገጠች። በቀኑ ሻሽዋን አስተካክላ፣ ጁወይሪያን አስከትላ ሄደች። ልጅቷ መንገድ ላይ «እማዬ፣ እንዳታዋርጂን» ስትላት «ተዋርደን የለም እንዴ» አለቻት።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ቀዳማዊ ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ያስቃል፣ ያስጨበጭባል። ከሁሉ ከባዱ ውሳኔው የትኛው እንደነበረ ሲያነሣ ያን ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጠቀሰ። «ልቤ እየደማ ነበር» አለ። «ግን መሪ ስሜቱንና ሥራውን መለየት አለበት።» አንዱ ከኋላ «ፋዘር፣ በቃዎት!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀዳማዊም ሳቀ።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ዘይቱና እጇን አወጣች። ማይኩን ሰጧት።

«የሰውዬው ስም ማን ነው?» አለች።

«ይቅርታ፣ የየትኛው?»

«ልብህ የደማላቸው ሰውዬ።»

ቀዳማዊ ፈገግ እንዳለ ቀረ። ወደ አስተናባሪው አየ፤ አስተናባሪው ወረቀቱን አየ። «እ… ማዘር፣ ብዙ ሰው ነው ያገኘሁት» አለ።

«የኔሰው ይባላሉ። የአንተ ሠራተኛ አልነበሩም፤ የእኔ ናቸው። ከአባቴ ጋር የሠሩ ሰው ናቸው። ያባረርካቸው አንዴ አይደለም፤ ፊታቸው አልታየም ብላችሁ ከመንገድ መልሳችሁ፣ ኮታቸውን አሰቅላችሁ፣ ሁለቴ ነው። ያኔም ቡድንህ ተሸነፈ፤ በእሱም ሌላ ሰው አስቀጣህ። ከዚህ ውስጥ ለእነዚህ ልጆች የምታስተምረው የትኛውን ነው?»

«እናመሰግናለን፣ ጥሩ አስተያየት ነው» አለ አስተናባሪው፤ ማይኩም ከእጇ ተወሰደ። ጥግ ላይ የተቀመጡ ጥቂት ሴቶች አጨበጨቡ። ሌሎች አፏጩ። ቀጣዩ ጠያቂ ንግድ ለመጀመር ምን ያስፈልጋል ብሎ ጠየቀ፤ ቀዳማዊም ቀስ በቀስ ድምፁ ተመለሰለት። ሲያልቅ ልጆቹ አብረውት ፎቶ ለመነሣት ተሰለፉ።

ዘይቱና ልትወጣ ስትል ከሰልፉ ወጥቶ ደረሰባት። ፊቱ ቀልቷል። ቅርብ ሲሆን ገና ልጅ መሆኑ ያስታውቃል።

«ማዘር፣ ሰው ፊት እንዲህ ባይሉኝ ጥሩ ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔም እኮ የተነገረኝን ነው ያደረግሁት። ጉተማ ‘ውሳኔ ካላየሁ ክፍሉ አይሸጥም’ አለኝ። ሁለተኛውንም ድገመው ያለኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ መሪው ማን ነበር?» አለችው።

አፉን ሲከፍት ከኋላው ስሙን ጠሩት፤ ፎቶ ነው። ዞሮ አያቸው፣ መልሶ እሷን አየ፤ ሄደ። ሳንሱሲ ግን አልሄደም፤ ያን ሳምንትም፣ ከዚያም ወዲያ። ጋሽ የኔሰው የሆነውን ሁሉ ከጁወይሪያ ሲሰሙ «አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ትረፍ በያት» ብቻ አሉ። ዘይቱና ግን አላረፈችም። ጸሎቷ ላይ እንኳ ነገሩ ይመጣባት ነበር።

ዓመቱ ዞሮ የቀረጻው ቡድን ለአዲስ ዙር እዚያው መንገድ ተመለሰ። ዘይቱና ጋ የመጣ የለም። ሁለት ቤት አልፎ ካለው ከሃፊዛ ዳቦ ቤት ጋር ተስማምተዋል። ዘይቱና ሃፊዛን እንድትተወው ለምናት ነበር፤ «ለአንቺ አልሆነም ማለት ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?» አለቻት። እንኳን እሷ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምቀኝነት አድርጎ ነው ያየው።

ቀረጻው በሚጀመርበት ጠዋት ዘይቱና ዳቦ ቤቱ ገባች። ጋጋሪዎቹ ሊጥ እያድቦለቦሉ ነበር።

«ስሙኝ» አለቻቸው። «ዛሬ አንድ ልጅ መጥቶ ሂዱ፣ በቃችሁ ቢላችሁ ንቅንቅ እንዳትሉ። አሠሪያችሁ ሃፊዛ ናት።»

«ዘይቱና፣ ሰዎቼን አታሸብሪብኝ» አለች ሃፊዛ ከባንኮኒው ኋላ።

«ሰዎቼ ካልሽ ጥሩ ነው። ያንን ሲመጡ ንገሪያቸው።»

አንዱ ጋጋሪ ሳቀ፤ ሌላው ግን እጁን ከሊጡ ሳያነሣ ሃፊዛን ትኩር ብሎ አያት። ሃፊዛ ዓይኗን ወደ ሚዛኑ መለሰች።

ዘይቱና ስትወጣ የቀረጻው መኪና ወደ ጠባቧ መንገድ እየገባ ነበር። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋባት። ከመንገዱ መሃል ሳትወጣ፣ ሳትፈጥንም፣ እስከ ስፌት ቤቷ በር ድረስ በመኪናው ፊት ሄደች።